«አይዞህ፣ ሁላችንም በፓርኪንግ ነው የጀመርነው»

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የድሮ ባልደረባዬ ደውሎ «ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንክ አሉ! እንግዲህ ቢሮ፣ ጸሐፊ፣ መኪና ከነሾፌሩ…» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። መኪናው እንኳ ሞልቷል፤ የኔ አይደለም እንጂ።

አሜሪካ፣ ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰማ ዕለት የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ዓይኑ በራ፤ ኃይሌና ደራርቱ የአክስቴ ልጆች ሳይመስሉት አልቀረም። እኔ አገር ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር የማልታጣ ሰው ነበርኩ፤ ግን እምቢ ብዬ የአገር ስም ላሳንስ? የአገር አቋራጭ ሩጫ አሰልጣኝ ሆንኩ። የሁለተኛ ደረጃ ውድድሩ 5 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ የበረረ ልጅ መጨረሻው ላይ እግሩ ለምን እንደሚከዳው ለማስረዳት ሯጭ መሆን አያስፈልግም፤ ሰዓት ይዤ፣ የእያንዳንዱን ፍጥነት በግራፍ እየሣልኩ አሠለጠንኳቸው። ሠራ! ርዕሰ መምህርቷም ወደ አመራር እንድገባ የገፋፋችኝ ልጁ የተሸነፈበትን ወላጅ ሜዳ ላይ ሳበርድ አይታ ነው፤ የኒውተንን ሕግ ማስተማሬን ማን ቆጠረልኝ።

በቨርጂንያ ለትምህርት ቤት አመራርነት ፈቃድ ማስተርስ፣ 3 ዓመት የማስተማር ልምድ፣ 320 ሰዓት የተግባር ልምምድና የአመራር ፈተና ይጠየቃል። ሌሊት ሌሊት ተምሬ ተሾምኩ።

የተረከብኩት ሥልጣን ምን መሰላችሁ? የሚያንጸባርቅ ብርቱካንማ ሰደርያ፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ ፊሽካ፣ እንዲሁም ወላጆች በየጠዋቱ ልጆቻቸውን የሚያወርዱበት የመኪና መስመር። ዝናብም ይሁን በረዶ መቆም ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የአገሬ ሰው መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ሐበሻ ነህ?» አለችኝ። «አዎ እህቴ» ስላት ከላይ እስከ ታች አይታኝ ከንፈሯን መጠጠች። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም በፓርኪንግ ነው የጀመርነው። ባሌም ዲሲ ስንት ዓመት የሰው መኪና ሲያቆም ኖሮ ዛሬ ሱፐርቫይዘር ነው። ያልፋል!» ከኋላዋ ክላክሱ እየጮኸ ምን አስረዳለሁ? «አሜን» ብዬ አሳለፍኳት። ከረባቴ ከሰደርያው ሥር ነበር፤ ማን ይየው!

ቀኑን ሙሉ ውስጤ አረረ። እኛ እኮ በጠዋት ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ትንፋሻችንን የምንውጥ ነበርን። እዚህ ተማሪው ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ያልፋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ የተረሳውን ትሪ የማነሳው እኔው ነኝ። በእርግጥ የኛዎቹም ዳይሬክተሮች አልፎ አልፎ ዝናብ ቢመታቸው ባልከፋ። ፈረንጆቹ ደግሞ ሁለት ልጆች ተገፋፉ ብለው የሚያስሞሉኝን ቅጽ ብታዩ፣ ኩርኩም ይናፍቃችኋል።

ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አታውቅም። ባለፈው ባሏ ዘንድ ክፍት ቦታ እንዳለና የሌሊት ፈረቃው ጥሩ እንደሚከፍል ነገረችኝ። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ የበጀት ስብሰባ ባለበት ሳምንት፣ አስብበታለሁ።

ወደ አሜሪካ ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ መምህራን፦ ከልብስ በፊት ወረቀት። የወጪ መጋራታችሁን ጨርሱና ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁን በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ለሚገመግመው ድርጅት የሚልክበትን መንገድ እዚያው ሳላችሁ አመቻቹ፤ በእጃችሁ ያለውን ኮፒ ብዙዎቹ አያዩላችሁም። የያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝርም ያዙ። እንደደረሳችሁ ተተኪ መምህር (የቀረ መምህርን ክፍል የሚሸፍን) ሆናችሁ ግቡ፤ ክፍሉንና ቋንቋውን የሚያስለምዳችሁ እሱ ነው። አሠልጥኑ ቢሏችሁ እሺ በሉ፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ሰው ያውቃችኋል።

ለክብር ብላችሁ አመራር የምትመኙ ግን እዚያው ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ ቆዩ። መምህር ክረምቱን ያርፋል፤ እኔ ሐምሌን የቀጣዩን ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ስሠራ ነው የማሳልፈው።