ሰዓት በዙር ሲቆጠር

ደሴ ላይ ቀኑ የት እንደደረሰ ለማወቅ የእጅ ሰዓት ብዙም አያስፈልግም። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ተሸጉጣ የተቀመጠች ስለሆነች ድምፅ ከገባ ቶሎ አይወጣም። የሸዋ በር አዛን፣ የመድኃኔ ዓለም ደወል፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ተማሪ ጫጫታ፣ ወደ ማታ እየበረታ የሚሄደው የፒያሳ ታክሲ ረዳቶች ጥሪ፤ ሁሉም በየሰዓቱ ይመጣል፣ ጆሮም ሳይታዘዝ ይመዘግባል። ቅዳሜ ዕለት ግን አንዱንም አልሰማሁም። ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆጤ ካለው ቤታችን መስኮት ስር ተቀምጬ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖችን በጥቁር ስክሪብቶ ማሰለፍ ጀመርኩ። ቀና ስል አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የአስርም የመግሪብም አዛን በላዬ አልፏል።

ደነገጥኩና እናቴን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳት። «አብሽሪ፤ መሽቷል እንጂ ምን ሆኗል!» አለችኝ፣ ከስፌቷ ዓይኗን ሳታነሳ።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ያ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሄደ ለማሰብ ነው። ሰዎች «ሰዓቴን በላው» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው አሁንም አብሮኝ አለ።

የምሠራው ነገር ቀላል ነው። ወፍራም ነጭ ወረቀት እዘረጋለሁ፤ ከታች በኩል አንድ መስመር በማስመሪያ አሰምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማስመሪያው አይነካም። በመስመሩ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ሦስት ማዕዘኖች በእጅ ብቻ ይሰለፋሉ። ሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ጫፎች ላይ ይቆማል፤ ሦስተኛውም በሁለተኛው ላይ። ተራራ አይደለም፤ አበባ አይደለም፤ ፊደልም አይደለም። ጎረቤታችን ገብታ «ምን እየሳልሽ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት ጠፋኝ፤ ምክንያቱም ከሦስት ማዕዘኖቹ በቀር የምስለው ሌላ ነገር የለም። ረቂቅ ሥዕል አገራችን ውስጥ እንግዳ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ሳይሰማው እንዳልቀረ እገምታለሁ።

ዋናው ነገር ያለው እጁ ላይ ነው። የሰው እጅ አንድን ቅርጽ ሁለት ጊዜ አንድ አድርጎ አይሠራም። አንዱ ሦስት ማዕዘን በፀጉር ያህል ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቀጥሎ የሚመጣው ወይ ያንን ዝንባሌ ይከተላል ወይ ይመልሰዋል። ከተከተለው ሦስተኛው ይበልጥ ያዘነብላል፤ አሥረኛው ረድፍ ላይ ሲደረስ ፀጉር ያህል የነበረው ልዩነት ተደማምሮ ረድፉን በሙሉ ያጎብጠዋል። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ስይዘው ማንም ያላቀደው ማዕበል እዚያው ተኝቶ አየዋለሁ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሐረጎ መንገድ እንደሚታጠፈው፣ ታጥፎ ታጥፎ ይወርዳል። ታዲያ በእያንዳንዷ ሦስት ማዕዘን ላይ አንድ ትንሽ ውሳኔ አለ፤ ልከተል ወይስ ልመልስ? ውሳኔው ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም። አንዱ ሲያልቅ ግን ሌላው ተደቅኖ ይጠብቃል፤ በመካከላቸው ሰዓት የሚታሰብበት ክፍተት የለም።

መደጋገም በራሱ ይህን እንደማያመጣ መምህር ስለሆንኩ አውቃለሁ። ተማሪ «ዳግመኛ አልረብሽም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ገጽ ሙሉ እንዲጽፍ ሲቀጣ፣ ያም መደጋገም ነው፤ ልጁ ግን በየመስመሩ ቀና እያለ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ለልጁ የቀረለት ውሳኔ የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ተወስኖለታል። ይህ ቅጣት ጽሑፍን ከልጆች ጋር የሚያጣላ ነውና ቢቀር እወዳለሁ፤ ለማንኛውም የዛሬ ጉዳዬ እሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1934 የተወለደው የሥነ ልቦና ምሁር ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ይህን ስሜት ዕድሜውን ሙሉ አጥንቶታል። ሥራውን የጀመረው ቺካጎ ውስጥ የሥዕል ተማሪዎችን በማየት ነው። ሠዓሊዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ ረሃብም ድካምም አይሰማቸውም ነበር፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ግን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወዲያው ወደ ሌላ ይዞራሉ። ለሽልማት ወይም ለገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያለቀውን ሥዕል እንዲህ ባልተዉት ነበር ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ተራራ የሚወጡትን፣ ቼዝ የሚጫወቱትን፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉትን ሁሉ ጠይቆ ሁኔታውን በውኃ ፍሰት ስም ጠራው። የሥራው ክብደት ከሰውየው ችሎታ ጋር ሲመጣጠን፣ ቀጥሎ የሚሠራው ግልጽ ሲሆን፣ ያማረና ያላማረው ወዲያው ሲታይ፣ የጊዜ ስሜት ይለወጣል ይላል። ሦስቱም እኔ ወረቀት ላይ አሉ። ሦስት ማዕዘኑ በጣም ትልቅ ሲሆን ሥራው ይቀልና ሐሳቤ ወደ ተማሪዎች ውጤትና ወደ ቤት ኪራይ ይሄዳል። በጣም ትንሽ ሲሆን ደግሞ እጄ ይጨነቃል። የጥፍር ያህል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኔ እጅ ልኩ እሱ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳወራ እናቴ ምንም አይደንቃትም። እሷ ስፌት ትሰፋለች። ስንደዶውን ከመሃል ጀምራ እየጠመዘዘች፣ በአክርማና በአለላ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየበሳች ትዞራለች። ንድፍ አትነድፍም። ሰፌዱ በዙር ቁጥር እየሰፋ ሲሄድ በቀይና በሐምራዊ አለላ የሚወጣው ጌጥ አብሮ መስፋት አለበት፤ ካልሰፋ ይበታተናል። ስንት ጥልፍ በቀይ፣ ስንት በነጭ እንደሚሄድ በጣቷ ታውቀዋለች፤ ስጠይቃት ግን ቁጥሩን አትነግረኝም፤ «ራሱ ይጠይቅሻል» ትለኛለች።

ከገበያ ስመለስ ቆየሁ ወይ ብዬ ስጠይቃት ደግሞ መልሷ በሰዓት አይደለም። «ከወጣሽ ወዲህ ሁለት ዙር ሰፍቻለሁ» ትላለች። ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው፤ ልብ ያልኩት ግን ቅዳሜ ማታ ነው። እናቴ ጊዜ አይጠፋባትም፤ በሌላ መስፈሪያ ትሰፍረዋለች። መስፈሪያው ደግሞ ተበትኖ አይቀርም፤ እዚያው ሰፌዱ ላይ ተሰፍቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ እሑድ ጠዋት ወረቀቴን በዚህ ዓይን አየሁት። የታችኛዎቹ ረድፎች ጫፋቸው ሹል ነው፤ መስመራቸው ቀጭንና ጥንቁቅ፤ ገና ስጀምር የነበረው እጅ ነው። ወደ መሃል ላይ መስመሩ ይለሰልሳል፤ ቅርጾቹ ይቀራረባሉ፤ ማዕበሉም የተነሳው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ አንድ ቦታ ቀለሙ እየደበዘዘ ሄዶ በድንገት ይደምቃል፤ ስክሪብቶ የቀየርኩበት ነው፤ መቀየሬን ፈጽሞ አላስታውስም። ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ደግሞ መስመሮቹ ወፍረዋል። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ሰፈራችን ቶሎ ይጨልማል፤ ብርሃኑ ሲያንስ እጄ ራሱ ተጫነ ማለት ነው። የአስር አዛን በየትኛው ረድፍ ላይ እንዳለፈ ባላውቅም ፀሐይ የጠለቀችበትን ረድፍ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩሉ አልጠፋም፤ እዚያው ወረቀቱ ላይ ከታች ወደ ላይ ይነበባል።

ሁልጊዜ ግን አይመጣም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ በገባበት ጊዜ ወረቀትም ስክሪብቶም ነበረኝ፤ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይም አልነበረም። ጊዜ እንደዚያ ተርፎኝ አያውቅም። አንድ ረድፍ መጨረስ ግን አልቻልኩም። ጆሮዬ ውጭ ነበር። እያንዳንዱን ድምፅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅ የሌለበትን ሰዓት ያዳምጥ ነበር። ደቂቃው ሁሉ ይቆጠር ነበር። እናቴም በእነዚያ ሳምንታት ወስፌዋን አላነሳችም። ቅዳሜ ዕለት አዛኑ በላዬ ሲያልፍ አለመስማቴ ያን ያህል ያስደሰተኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ ጆሮዬ የሚጠብቀው ክፉ ነገር አልነበረም። ሰዓት ለመርሳት ሰላም ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቅርጽ ይዘው ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰዎችን ማንበብ እወዳለሁ። ጃፓናዊቷ ያዮይ ኩሳማ እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውዮርክ ገብታ ትንንሽ ቅስቶችን እየደጋገመች ግድግዳ የሚያክል ሸራ በመረብ ትሞላ ነበር። በቅርቡ ደግሞ ልቤን የነካኝ የእንግሊዛዊው የዴቪድ ስሚዝ ታሪክ ነው። ስሚዝ የሂሳብ ምሁር አልነበረም፤ ከኅትመት ሥራ ጡረታ የወጣና ቅርጽ ማገጣጠም የሚወድ ሰው ነበር። ሒሳብ ሲያስተምሩን ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል ከሆኑ ቅርጾች ውስጥ ለብቻቸው ተደጋግመው ወለልን ያለ ክፍተት የሚሸፍኑት ሦስት ብቻ እንደሆኑ ተነግሮናል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ስድስት ማዕዘን። እነዚህን አንድ ዓይነት ንድፍ እንዲደግሙ አድርጎ መደርደር ይቻላል። ምሁራን ለብዙ ዓመታት የፈለጉት ግን አንድ ለየት ያለ ቅርጽ ነበር፤ ወለሉን እስከ ዘላለም የሚሸፍን፣ ንድፉ ግን በምንም አደራደር እየተመላለሰ ሊደገም የማይችል። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዐሥራ ሦስት ጎን ያለው ቅርጽ በኮምፒውተር አገኘ፤ ከዚያ ከወረቀት እየቆረጠ ጠረጴዛ ላይ ሲያገጣጥም የንድፉ አካሄድ አልያዝ አለው። ከሦስት ምሁራን ጋር ሆኖ በ2023 ይፋ ሲያደርገው ያ የተፈለገው ቅርጽ ሆኖ ተገኘ። ስንት ማታ መቀስ ይዞ እንዲሁ ተቀምጦ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «እኛም ካርቶን ቆርጠን እንሞክረው?» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት እንሞክረዋለን።

እኔ ደግሞ አዲስ ወረቀት ጀምሬያለሁ። በዚህኛው እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ካለው በ3 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ ፕሮትራክተሩ ከጎኔ አይለይም። 3 ዲግሪ ለዓይን ምንም አይደለም። መነሻው ረድፍ ሳይቆጠር አሥረኛው ረድፍ ላይ ግን 30 ዲግሪ ሆኖ የሦስት ማዕዘኑ አንዱ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሃያኛው ላይ በጭንቅላቱ ይቆማል፤ አርባኛው ላይ 120 ዲግሪ ሞልቶ እንደ መነሻው ይሆናል። ይህ ለአንድ ወረቀት ልክ ነበር። እኔ ግን የእያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን አንድ ጥግ በጥቁር ስለምሞላው አርባኛው ረድፍ ላይ ቅርጹ ቢመለስም ጥቁሩ ጥግ ገና ሌላ ጫፍ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው 120ኛው ረድፍ ላይ ነው። ሦስት ወረቀት መቀጣጠል ሊኖርበት ነው። እናቴ ርዝመቱን በክንዷ ለክታ ሳሎኑ እንደማይበቃው ነግራኛለች፤ በመተላለፊያው በኩል እንዲሰቀል ተስማምተናል። አሁን ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ ማዘንበሉ መታየት ጀምሯል።