ከጋሪ አክስል የሠራሁት ግንድ ማንሻ

"የእጅ ትራክተር ግንድ አይጎትትም" የሚል ሰው በእኛ ሰፈር ሞልቷል፤ ባለ ሁለት ጎማውን፣ እጀታውን ይዘው ከኋላው በእግር የሚከተሉትን ማለታቸው ነው። በሰንሰለት አስረው መሬት ለመሬት ለሚጎትቱት ሰዎች እውነት ነው፤ አይጎትትም። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ አፈሩን ይቆፍራል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ ግንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ቆሞ የሚያይ ሁሉ "ጉልበት የለውም" ብሎ ይፈርድበታል። እኔ ግን ያነሰው ጉልበቱ ነው ብዬ አላምንም። ያነሰው ክብደቱ ነው፤ ግንዱን ደግሞ የያዘው መሬቱ ነው።

ነጭ ባሕር ዛፍ ገና እንደተቆረጠ አንድ ሜትር ኩቡ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 5 ኩንታል ማለት ነው። ይህን አፈር ላይ ለመጎተት ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጥ ስበት ያስፈልጋል፤ እንደ አፈሩ ቢለያይም 3 ኩንታል እንበለው። የኛ ትራክተር ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ራሱ ሲመዘን ግን ከ4 ኩንታል ብዙም አይዘልም። ጎማ አፈር ላይ መቆንጠጥ የሚችለው ከተጫነው ክብደት ግማሹን ያህል ነው። እንግዲህ 2 ኩንታል የሚስብ ነገር 3 ኩንታል የሚጠይቅ ግንድ ላይ ታሰረ ማለት ነው። ሞተሩን በ30 ፈረስ ብትቀይሩት ጎማው ይበልጥ ይፈጥናል እንጂ ግንዱ አይመጣም።

በዚያ ላይ ደጋው አለ። የኛ ባሕር ዛፍ ያለው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 15 ተብሎ የተሸጠው እኛ ዘንድ ሲደርስ 10 ወይም 11 ቢሆን ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ነግሮኝም አያውቅም።

ስለዚህ ሥራው ትራክተሩን ማበርታት ሳይሆን ግንዱን ከመሬት ማላቀቅ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በበሬ ሲጎተት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሰንሰለቱን ከማሰራቸው በፊት የግንዱን አፍንጫ ዙሪያውን በመጥረቢያ ያሾሉታል፣ አፈር እንዳይነክስ። መንገዱ ላይም አጣና ያጋድማሉ፣ ግንዱ በላዩ እንዲንከባለል። አጎቴ እስከ ዛሬ ሳያሾል ግንድ አያስነሣም። እኔም ማንሻውን ከሠራሁ በኋላ ማሾሉን አልተውኩም፤ ጉቶና ድንጋይ የሚይዘው አፍንጫውን ነውና።

ማንሻው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በሁለት ጎማ ላይ የቆመ የበር መቃን አስቡ፤ ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ አግዳሚ። ግንዱ በመሐሉ ያልፋል። ከአግዳሚው ወደ ፊት 3 ሜትር ምሰሶ ይወጣል፤ የምሰሶው ጫፍ ተጎታች በሚታሰርበት ፒን ከትራክተሩ ጋር ይያያዛል። አግዳሚው መሐል ላይ የሰንሰለት መያዣ ሜንጦ አለ። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። ክሪክም፣ ሃይድሮሊክም የለም።

ጎማዎቹ ከተሰበረ የፈረስ ጋሪ የመጡ ናቸው። የጋሪው አክስል ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ እንዳለ ቢገባ ግንዱን ያግደዋል፤ ስለዚህ መሐሉ ተቆርጦ ወጥቶ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ በእግሮቹ ሥር ተበየዱ። ኩሽኔታቸው ግን ታጥቦ አዲስ ግራሶ ብቻ ነው የተቀባው። በጎማዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ20 አድርጌዋለሁ። ጠባብ ቢሆን በባሕር ዛፉ መሐል እንደ ልብ ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ጎን ለጎን በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ ይገለበጣል። አግዳሚው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል።

እግሩና አግዳሚው 3 ኢንች የውሃ ቧንቧ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው በያጅ ቱቦላሬ ይበቃል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ለበርና ለአጥር የሚሸጠው ቱቦላሬ ግድግዳው ስስ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ተጨምድዶ ይቀራል። ቧንቧውንም ቢሆን በየማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ደግፈንለታል። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ መጀመሪያ በሞላ ማሽን (ግራይንደር) ተፍቆ ይጥራ፤ የዚንክ ጭስ ያንቀጠቅጣል፣ ማታውን እንደ ወባ ያተኩሳል። በያጆች ወተት ይጠጡበታል፤ እኔ ግን መፋቁንና ደጅ ወጥቶ መበየዱን ነው የማምነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንሻውን ግፍትር አድርጋችሁ በግንዱ ላይ ታቆሙታላችሁ። ምሰሶውን ወደ ሰማይ ስታነሡት አግዳሚው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ግንዱን በሰንሰለት አጥብቃችሁ ሜንጦው ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። ከዚያ ምሰሶውን ወደ ታች ስትስቡት አግዳሚው ይነሣል፣ ግንዱም አብሮ ይነሣል። ሰንሰለቱ ከግንዱ ራስ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ከታሰረ፣ ከ5ቱ ኩንታል ሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈው 3 ኩንታል የማይሞላ ነው። ምሰሶው ረጅም ስለሆነ ይህን ለማንሣት 50 ኪሎ ያህል ስበት ይበቃል፤ ሁለት ሰው ያለ ጭንቅ ያወርደዋል። ምሰሶው ቆሞ ሳለ ጫፉ ከሰው ራስ በላይ ስለሚሆን ገመድ ታስሮለት ከፊት ርቆ ነው የሚሳበው። ከሥሩ ቆሞ መንጠልጠል ጉልበቱን ያባክናል፤ ቢያመልጥም ራስ ላይ ነው የሚወርደው። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ማድረግ አይረሳ።

አሁን ሒሳቡን መልሱት። ጎማ ላይ ያለው 3 ኩንታል እየተንከባለለ ስለሚሄድ 30 ኪሎ ገደማ ስበት ቢጠይቅ ነው። መሬት የሚጎትተው ጅራቱ ብቻ ነው፤ 2 ኩንታል ከጥቂት፣ እሱም ከ120 እስከ 130 ኪሎ። ሁለቱ ተደምረው ትራክተሩ ከሚችለው 2 ኩንታል በታች ናቸው። በመጀመሪያው ማርሽ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እኔም እጀታውን ይዤ በእግሬ እከተላለሁ። አጎቴ መጀመሪያ ሲያየው ዙሪያውን ዞረውና "አንተ ልጅ፣ ይኼ ጋሪ ነው ሞፈር?" አለኝ። "እርስዎ የወደዱትን ይበሉት፣ አያ" አልኩት። እስከ ዛሬ ሞፈር ነው የሚለው።

"ታዲያ ለምን መሐሉን አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አታነሡትም?" የሚል ይኖራል። ሜዳ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር። እኛ ጋ ግን ሜዳ የለም። ጅራቱ መሬት ሲጎትት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ነው፤ እንዲያውም ያለን ፍሬን እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለ 5 ኩንታል ግንድ ከኋላ ሲገፋው 4 ኩንታል ትራክተር ምን ያደርጋል?

የእጅ ትራክተር ቁልቁለት ላይ ሌላም ጠባይ አለው፤ ይህን ያልነገሩትን ሰው ያስደነግጠዋል። በእጀታዎቹ ሥር ሁለት የመታጠፊያ መያዣዎች አሉ። ሜዳ ላይ የግራውን ስትጨብጡ የግራው ጎማ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ የቀኙ ብቻ ስለሚገፋ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ቁልቁል ከኋላ ጭነት እየገፋችሁ ስትወርዱ ግን ሞተሩ ገፊ መሆኑ ቀርቶ ያዥ ይሆናል። ያኔ የግራውን ብትጨብጡ የተላቀቀው የግራ ጎማ ፈትለክ ይላል፣ የቀኙ ተይዞ ይቀራል፣ ትራክተሩም ወደ ቀኝ ይዞራል። ገደሉ በስተቀኝ ከሆነ አስቡት። ቁልቁለት ላይ እኔ መያዣዎቹን አልነካቸውም፤ እጀታውን በትከሻዬ እየገፋሁ ነው የማቀናው፤ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት ሜዳው ላይ አስተካክላለሁ። ማርሽ መለወጥም ከላይ ነው፣ መሐል ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ከተረገጠ ወይም ከተሳበ የሚይዘው ነገር የለም።

ባለ አራት ጎማ ትንሽ ትራክተር ያላችሁ ይህ ጣጣ የለባችሁም፤ የናንተ ጣጣ ሌላ ነው። ሰንሰለቱን ከኋላው አክስል ከፍታ በላይ አትሰሩት። ግንዱ ጉቶ ሲይዘው የኋላው ጎማ መዞር ስለማይችል ትራክተሩ ራሱ በአክስሉ ላይ ይዞራል፣ አፍንጫው ይነሣል፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮን እስኪረግጥ ድረስ ጀርባው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዝቅ ብሎ ከታሰረ ስበቱ የፊቱን ወደ መሬት ይመልሰዋል።

ስለ መፍታቱ ደግሞ አንድ ነገር። ጭነቱ ላይ እያለ ፒኑን ዳገት ላይ አትንቀሉ። ሜዳ ላይ የሰንሰለቱ ሜንጦ ከጎማው መሐል ትንሽ ወደ ፊት ስለሚውል ምሰሶው በራሱ ክብደት ተኝቶ ይቆያል። ትራክተሩ ሽቅብ ሲያይ ግን ጭነቱ ከጎማው ኋላ ይሆናል፤ ፒኑ ሲነቀል ምሰሶው ወደ ላይ ይወረወራል። አገጭ ይሰብራል።

ግንዱን በጥርስ የሚይዝ መቆንጠጫም አለን፤ የሠሩልን ሮብ ገበያ ያሉ አንጥረኛ ናቸው፤ ከከባድ መኪና ባሌስትራ። ሰንሰለቱን በግንዱ ሥር ለማሾለክ መቆፈር ከመሰልቸት የመጣ ነው፤ መቆንጠጫው ከላይ ጥርሱን ያገባና ሲሳብ ራሱ ይጠብቃል። ብረቱን አግለው ቅርጽ ካስያዙት በኋላ ውኃ ውስጥ አልነከሩትም፤ አመድ ውስጥ ቀብረውት አደረ። ባሌስትራ ግሎ በውኃ ከቀዘቀዘ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው፤ በኤሌክትሪክ ብየዳ መቀጠልም ያንኑ ያመጣበታል፤ ስለዚህ መቆንጠጫው የተያያዘው በወፍራም ቡሎን ነው። ሙያ ማለት ይኼ ነው። ከዚያው ባሌስትራ ከተረፈው ቁራጭ ግንድ ማገላበጫ ዱላም ሠሩልን፤ ቧንቧ ጫፉ ላይ የሚወዛወዝ ሜንጦ ያለው።

የናይለን ገመድ ለምሰሶው ማውረጃ እንጂ ለጉተታ አይሁን። ይለጠጣል፤ ሲበጠስ ተመልሶ የሚገርፈው ሰውን ነው። ሰንሰለት ነው የሚሻለው፤ ያም ቢሆን ሲጎተት አጠገቡ አይቆምም።

ክረምት ላይ ሥራው የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ጎማውን ይውጠዋል፣ የተጎተተበትም መንገድ ጎርፍ ይሄድበትና ቦይ ይሆናል። የጮቄ አፈር እንደሆነ ያለዚያም እየተጠረገ ነው። ስለዚህ ከኅዳር ወዲያ ነው የምናወጣው፤ በየጊዜውም መንገዱን እንቀይራለን።

መንገድ ዳር ከደረሰ በኋላ አይሱዙ ላይ መጫን ይቀራል፤ ለዚህ ማንሻው አይረዳም። ሁለት ወፍራም አጣና ከመኪናው ጫፍ መሬት ድረስ እናጋድማለን። ሁለት ገመድ መኪናው ላይ ይታሰርና በግንዱ ሥር ዞሮ በላዩ ተመልሶ ወደ መኪናው ማዶ ይሄዳል። ማዶ ያሉት ሰዎች ሲስቡት ግንዱ ራሱ መዘውር ሆኖ እየተንከባለለ ይወጣል፤ የሚከብዳቸውም በቀጥታ ሽቅብ ቢገፉት ከሚከብዳቸው ግማሹን ነው። ወፍራሙ ጫፍ በየዙሩ ስለሚቀድም እሱን የያዙት ገታ እያደረጉ ይስባሉ። ከግንዱ በታች ማንም አይቆምም፣ ሾፌሩም ቢሆን፤ ሾፌሮች ከታች ቆመው "በል በል" ማለት ይወዳሉና ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።