ሐሳብ አመንጪና ገጣጣሚ ሳይባባሉ፦ የሥነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ተማሪዎችን ያጣመርኩበት መንገድ

በግቢያችን የሥነ ጥበብና የምህንድስና ተማሪዎችን አጣምሮ የማሠራት ኃላፊነት ስረከብ አስቀድሞ የተነገረኝ ዘመናዊ ላብራቶሪ እንደሚያስፈልግ ነበር። ላብራቶሪው ጠቃሚ ቢሆንም ችግሩ ሌላ ቦታ እንደሆነ የተረዳሁት ተማሪዎቹ ሥራ ሲከፋፈሉ ተመልክቼ ነው፤ የሥነ ጥበቡ ተማሪ ሐሳብ ያመነጫል፣ የቴክኖሎጂው ተማሪ የታዘዘውን ይገጣጥማል። ይህ ከውጭ ሲያዩት ትብብር ይመስላል እንጂ የደንበኛና የባለሙያ ግንኙነት ነው፤ ባለሙያው ፈተና ሲደርስበት ደግሞ ሥራው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ስለዚህ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የፕሮጀክት ሐሳብ ማቅረብን ከለከልኩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳ (ኮድ ተጽፎለት ሞተርና ሴንሰር የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ አንድ የብርሃን ሴንሰርና አንድ ትንሽ ሞተር ሰጥቼ፣ ስለ ትርጉሙ ሳይጨነቁ ለብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ማንኛውንም ነገር እንዲሠሩ አዘዝኩ። አርዱዊኖን የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሪያ ላይ የዲዛይን ተማሪዎችን በማሰብ የተጀመረ በመሆኑ፣ ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ አንዳች ነገር ሊያንቀሳቅስበት ስለሚችል ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ በአንድ ቡድን ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው። የተለመደው የአርዱዊኖ ሰሌዳ ከሴንሰሩ የሚመጣውን ቮልቴጅ ከ0 እስከ 1023 ወደሚደርስ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩ ግን ሰው ብርሃኑን ጋርዶ ሲያልፍ ብቻ ሳይሆን ማንም ሳይኖርም ስለሚዋዥቅ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምህንድስናው ተማሪ የተከታታይ ልኬቶችን አማካይ በማስላት መዋዠቁን ሊያጠፋ ሲነሳ፣ የሥነ ጥበቧ ተማሪ ከሞተሩ ጋር የታሰረው ወረቀት የሚተነፍስ የመሰለው በዚያው መንቀጥቀጥ እንደሆነ ገልጻ እንዳይነካ ተከራከረች። ጣልቃ ሳልገባ ቆየሁ፤ ዝም ማለት ለመምህር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ልኬቱ እንዲረጋ፣ ሰው ሲቀርብ ግን መዋዠቁ እንዲመለስ አድርገው ኮዱን አብረው ጻፉት። አንዳቸውም ለብቻቸው እዚህ ውሳኔ ላይ ባልደረሱ ነበር።

ሆኖም ተማሪ የሚደክመው ውጤት ለሚያገኝበት ነገር ነውና፣ ጉዳዩ ወደ ምዘናው ባይገባ ኖሮ መነሳሳቱ እስከ ፈተና ሰሞን ባልዘለቀ። ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች ለሥራው እኩል የክሬዲት ሰዓት እንዲይዙና በአንድ መመዘኛ እንዲያርሙት ማግባባት ከማስተማሩ ይልቅ አድካሚ ነበር። ነገሩን እንደ ጨዋታ ላዩት መምህራን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ በቀረቡት ዘጠኝ የትርኢት ምሽቶች 10 አርቲስቶች ወደ 30 ከሚጠጉ መሐንዲሶች ጋር መሥራታቸውን፣ ከዚያም የአሜሪካው የስልክና የመገናኛ ምርምር ተቋም የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ቢሊ ክሉቨርና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ትብብሩን ወደ ድርጅት ማሳደጋቸውን አስረዳሁ። ለውጥ ያመጣው መመዘኛ ግን ቀላል ነው፤ በቃል ማብራሪያው ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠየቀው ስለ ባልደረባው ድርሻ ነው። ሠዓሊዋ ኮዱን መስመር በመስመር ባታስታውስም ምን እንደሚያደርግ መናገር አለባት፤ ኮድ ጸሐፊውም ወረቀቱ ለምን ያን ያህል ቀጭን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

በኤግዚቢሽኑ ላይ ሽቦ ሲላቀቅ ወይም ሞተር ሲቆም ተጠያቂዎቹ ሁለቱም ስለሆኑ ተራ የሚገቡት አብረው ነው፤ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሽቦ መበየድን የተማሩትም በአብዛኛው በዚህ ተራ ላይ ነው። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ሰሌዳውና ሞተሩ ለቀጣዮቹ ተማሪዎች ስለሚመለሱ፣ ኮዱን፣ ንድፉንና ቪዲዮውን በአንድ ማኅደር አድርጎ ማስረከብ የውጤቱ አካል ሆኗል።