ሃርድ ቶፕን ስማር፦ ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጉጉፍቱ ዳገት

እኛ መኪና ወዳጆች ስንገናኝ ጨዋታችን ብዙ ጊዜ ፍጥነት ነው። ስንት ይሄዳል? ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይገባል? እኔ ከክረምቱ ጀምሮ የያዝኩት ትምህርት ሌላ ነው። በዝግታ መሄድ እየተማርኩ ነው። የምማርበት መኪና ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ሁላችንም ሃርድ ቶፕ የምንለው። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መኪናው የአጎቴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲያስወግደው በጨረታ ገዛው። አሁን ከደሴ በካቤ በኩል ወረኢሉ ድረስ ሰውና ዕቃ ያመላልስበታል። ጎማው ባለ ስድስት ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) ነው። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ብዙ ትናገራለች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን መኪና ሲያሻሽለው ጎማውን ወደ አምስት ዳዶ ቀየረው። የፊቱን ባሌስትራም (መኪናውን የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት) አውጥቶ በሞላ (በጥቅልል ብረት) ተካው። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሃርድ ቶፕ አሮጌው ይሁን አዲሱ ለማወቅ ኮፈን መክፈት አያስፈልግም። ጎንበስ ብሎ ዳዶ መቁጠር ይበቃል። የኛው የፊትም የኋላም ባሌስትራ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ወገብ ይፈትናል።

ከመንዳቴ በፊት ግን ታሪኩን ነበር ያነበብኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1951፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው። ጃፓን ውስጥ ለጦሩም ለፖሊሱም ጂፕ መሰል መኪና ተፈልጎ ነበር። ቶዮታ ከጭነት መኪናው 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አነሳና ትንሽ ሻንሲ ላይ ጫነው። ቢጄ ተባለ። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የተባለው የኩባንያው ሞካሪ ሾፌር መኪናውን ይዞ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ጣቢያው ያለበት ከፍታ ከደሴ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። የመኪናው የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና እኛ በየቀኑ የምንተነፍሰው ዓይነት ስስ አየር ላይ ነበር ማለት ነው።

ያ መኪና ደግሞ ከባድ ማርሽ፣ ማለትም መኪናውን በጣም አዝግሞ ጉልበት የሚጨምረው፣ ዛሬ ያለ እሱ ገደል የማንወርደው ተጨማሪ ማርሽ አልነበረውም። የጭነት መኪና ሞተሩ ጉልበት ብቻ ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ የጃፓን ብሔራዊ ፖሊስ 289 መኪና ገዛ። በ1954 ላንድክሩዘር የሚለው ስም ወጣለት፤ ጂፕ የሚለው የሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክት ስለነበር። በ1960 የ40 ተከታታዩ መጣ፤ ከባዱ ማርሽም አብሮት ገባ። በ1984 ደግሞ የ70 ተከታታዩ ተወለደ። የኛ ሃርድ ቶፕ የዚህ ቤተሰብ ነው። እስካሁን እየተመረተ ነው። ከ40 ዓመት በላይ! የላንድክሩዘር ቤተሰብ በጠቅላላው በ2019 ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ትልልቆቹ ላንድሮቨርንም ያነሳሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከላንድክሩዘር ቀድሞ በ1948 የወጣ ጀግና መኪና ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት ስለጠፋ ቦዲውን በአሉሚኒየም ነበር የሠሩት። እሱን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። መጀመሪያ የተማርኩት ስለ አየር ነው።

የሃርድ ቶፑ ሞተር ዋን ኤችዚ ይባላል። ከ1990 ጀምሮ የመጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ናፍጣ። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው። ይህ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይል የተለካ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳላ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ። ጉጉፍቱ ከ3,000 በላይ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ያ 130 ፈረስ ወደ 90 ወርዷል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ጉሙ፣ በዚያ ላይ ጭነቱ።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ። መኪናው ሲደክም እግራችን ወዲያው ነዳጅ ላይ ይጫናል። ፖምፓው ናፍጣ ይጨምራል። አየሩ ግን አብሮ አይጨምርም። የተረፈው ናፍጣ በማርሚታ በኩል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል እንጂ ጎማ ላይ አይደርስም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ሃርድ ቶፕ ስታዩ «ሞተሩ አልቋል» ለማለት አትቸኩሉ። ወይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይ ሾፌሩ ማርሽ መቀነስ ዘግይቷል። ባቲ ቆላ ደርሶ የመጣ መኪና ማጣሪያ አውጥታችሁ መሬት ላይ መታ መታ አድርጉት፤ የሚራገፈው አቧራ ራሱ ይናገራል።

የሚያስተምሩኝ ሸዋበር አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በነዚህ መኪናዎች ሥር ያሳለፉ ናቸው። ነዳጅ ስረግጥ ከጎኔ ሆነው «አብሽር ልጄ፣ መኪናው ይወጣል፤ አንተ ብቻ አታስቸኩለው» ይሉኛል። ማርሽ ቀንሼ፣ ሞተሩ ረጋ ብሎ ሲጎትት፣ ጭሱም ሲጠፋ በመስታወቱ አየዋለሁ። መኪናው አልፈጠነም። ግን አልቆመም።

ቀጥሎ የመጣው ፎር ዊል ነው። ሃርድ ቶፕ ላይ ፎር ዊል ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አንተ ነህ የምታስገባው። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ መዳፍ የሚያህል ክብ ነገር አለ። እሱ ላይ «ሎክ» እና «ፍሪ» ተጽፏል። ከመኪናው ትወርዳለህ፣ ጭቃውን በአውራ ጣትህ ትጠርጋለህ፣ ጽሑፉ ሲታይህ ወደ ሎክ ታዞረዋለህ። በሌላኛውም ጎን እንደዚያው። ከዚያ ገብተህ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ትንሿን እጀታ ትስባለህ። አሁን አራቱም ጎማ ይጎትታል።

ለምን ሁልጊዜ አይሆንም? ምክንያቱም በዚህ መኪና ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል ብቻ ነው የሚዞሩት። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ወይም ጠጠር ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይንሸራተትም። ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ዘንጉና ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል፤ መሪውም ይከብዳል። የሐረጎ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ የሚወርድ ሰው ለራሱ ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል፤ መኪናውን ግን እየጎዳ ነው። አስፋልት ላይ ማርሽ መቀነስ፣ ፎር ዊልን ለጭቃው ማቆየት። ክረምት ላይ ዋልካ አፈር የረገጠ ሰው ለምን ማቆየት እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻውም።

ከሁሉ የከበደኝ ቁልቁለት ነው። ስለሱ ትንሽ ልቆይ።

ከኩታበር ወደ ደላንታ በኩል የበሽሎን ሸለቆ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መሬቱ በድንገት ይጎድላል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖልን፣ ያንን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ አገር ነው። ጅዳን ተሻግረው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሽሎ ወርደው። በሰው ጉልበት፣ መንገዱን ፊት ፊት እያስጠረጉ። ቁልቁለቱ ላይ ያስቸገራቸው መጎተቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ይዞ ማስቀረቱም ነው። እኔም የምማረው ይህንኑ ይዞ ማስቀረት ነው።

ሕጉ አጭር ነው። አፋፉ ላይ፣ ገና ሳትጀምር ቁም። ትንሿን እጀታ ወደ ኤል 4 አምጣት፤ ከባዱ ማርሽ ይህ ነው። አንደኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፔዳል) ቀስ ብለህ ልቀቅና እግርህን ከሁሉም ነገር ላይ አንሳ። ከነዳጁም፣ ከፍሬኑም፣ ከፍሪሲዮኑም። ሸክም የያዘ ሰው ዳገትና ቁልቁለት ላይ እርምጃውን እንደሚያሳጥረው፣ ከባዱ ማርሽም የመኪናውን እርምጃ ያሳጥረዋል። ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ከሁለት እጥፍ በላይ ይዞራል። መኪናው እግረኛ በሚራመድበት ፍጥነት ይወርዳል፤ የሚይዘው ሞተሩ ነው።

ለመናገር ቀላል ነው። አፍንጫው ወደ ታች ሲደፋ፣ ከመስታወቱ ፊት ሰማይ ጠፍቶ ገደሉ ብቻ ሲታይ፣ እግር በራሱ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ እግሬን ወንበሩ ሥር ሰብስቤ እንድቀመጥ ነው። ፍሬን አይነካም ማለት አይደለም። ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ይቆማል፣ መኪናው ግን አይቆምም፤ ይንሸራተታል። የቆመ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሆን ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ከሁሉ የባሰው ፍሪሲዮን ነው። ቁልቁለት መሐል ፍሪሲዮን መርገጥ ማለት ሞተሩ የያዘውን መኪና መልቀቅ ማለት ነው። አሁን ይህ ልማድ ሆኖልኛል ማለት እችላለሁ። እግሬ ሳላዘው አርፎ ይቀመጣል።

ጥገናው ላይ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ግን ይህን መኪና የወደድኩት እዚያ ላይ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። የናፍጣ ማጣሪያ ሲቀየር መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። አየር የገባበት ናፍጣ ሞተር አይነሳም። ሃርድ ቶፕ ላይ ማጣሪያው አናት ላይ በእጅ የምትጫን ፖምፓ አለች። መዳፍህን አድርገህ ትጫናለህ። መጀመሪያ ባዶ ነገር እንደመጫን ነው፤ ምንም አትከብድም። ትጫናለህ፣ ትጫናለህ። ከዚያ ከመዳፍህ ሥር እየጠነከረች ትመጣለች። በመጨረሻ አልጫንም ስትል አየሩ ወጥቷል፣ ናፍጣው ሞልቷል ማለት ነው። ቁልፉን ስታዞር ይነሳል። መሣሪያ የለም፣ ኮምፒውተር የለም፤ መዳፍህ ነው የነገረህ። ከማጣሪያው ሥር ደግሞ ውኃ ማፍሰሻ አለ። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱን አትርሱት።

አንድ የማይታለፍ ነገር የሞተሩ የውስጥ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ ቺንጋው ይቀየር የሚል መብራት ይበራል። «ይሄ መኪና አይሞትም» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው እሷን መብራት እንዲንቅ አድርጎታል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ውስጥ ጉዳት ያደርሳል። የማይበላሽ መኪና የለም። ሃርድ ቶፕን የሚለየው ሲበላሽ ምን እንደሆነ ማየት መቻሉ ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ መካኒክ ይከፍተዋል።

ጉድለቱንም ልናገር። ይጮሃል፣ ያንገጫግጫል። ከኋላ በግራና በቀኝ ጎን የተሠሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ነው የሚሄደው፤ አደጋ ቢደርስ የሚይዛቸው ነገር የለም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። አጎቴንም እየነገርኩት ነው፤ ቀበቶ ይገባለት ብዬ። ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ጭነት ሲበዛበት ጠመዝማዛ ላይ ያጋድላል። ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም።

ወሎ ውስጥ ይህ መኪና ያለው ትዝታም ሁሉ ደስ የሚል አይደለም። በችግር ጊዜም በጦርነት ጊዜም ያየነው መኪና ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው አምቡላንሱ ነው። በየወረዳው ያሉ አምቡላንሶች ብዙዎቹ ሃርድ ቶፕ ናቸው። ምጥ የያዛት እናት ከገደሉ ሥር በቃሬዛ ወጥታ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቃት ይህ መኪና ነው። አንድ መኪና ተጨማሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት ቻለ ማለት፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀነሰላቸው ማለት ነው። ከባድ ማርሽን በደንብ የሚያውቅ የአምቡላንስ ሾፌር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ ራሴ መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ፣ የመሪው መታጠፊያ ላይ ያሉትን ኩሽኔቶች አጥቦ አዲስ ግራሶ መሙላት ነው። ጋሼ ዝናቡ ሳይገባ እንጨርሰው ብለዋል። ባለ ስድስት ዳዶ ሃርድ ቶፕ ላይ ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ማኅተም (ኦይል ሲል) ምን ዓይነት እንደተጠቀማችሁና ከየት እንዳገኛችሁት ንገሩኝ። እዚህ ያገኘሁት ቶሎ ያፈስሳል።