ዛሬ ፈረስ ተማርኩ

ሐረር የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ሲባል እየሰማሁ አድጌ ፈረስ ላይ የወጣሁት ግን ዛሬ ጠዋት ነው። ወዲያው ኮርቻ ላይ ቁጭ የምል መስሎኝ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈረሷን በብሩሽ ሳጸዳና ሰኮናዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር ሳወጣ ነው የቆየሁት፣ ጋሼ አሰልጣኛችን "መጀመሪያ ትልመድሽ ልጄ" አሉኝ። ፈረስ ዓይኑ በጎን በጎን ስለሆነ ልክ ከኋላው ያለውን አያይም፣ ለዛ ነው በትከሻዋ በኩል እያወራሽ የምትቀርቢያት።

ከወጣሁ በኋላ ተረከዝ ወደታች፣ ዓይን ወደፊት፣ ጆሮዋን አትይ፣ ይሄን ስንቴ እንደሰማሁት! እርካብ ላይ የሚያርፈው ደሞ የእግር ፊተኛው ክፍል ብቻ ነው፣ ብትወድቂ እግርሽ ተይዞ እንዳይጎትትሽ።

በጣም የነካኝ ግን ዛቡ ነው፣ ከልጓሙ ጋር የተያያዘው በእጅ የሚያዘው ማሰሪያ። ሚዛን ስስት ሳላስበው ጎተትኩት፣ ጋሼ ቀስ ብለው "ልጓሙ አፏ ውስጥ ነው ያለው እኮ፣ ያማታል" አሉኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች እያየሁ አንድም ቀን ስለ አፋቸው አስቤ አላውቅም ነበር። ከዛ በኋላ እጄን አላልቼ በወገቤ መቀመጥ ስጀምር እርምጃዋ ራሱ ተረጋጋ። ሶምሶማ ገና አልደረስኩም። ስወርድ አንገቷን አቅፌ ይቅርታ አልኳት፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ ኢንሻአላህ 🐎