ሚዶ፣ ብሩሽና የእናቴ ጭን

ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆናት ወደ ደሴ፣ ወደ እናቴ ቤት ወሰድኳት። ሻንጣዬን ከልብሷ ይልቅ የሞላው የፀጉር ቅባት፣ ማበጠሪያና የጥርስ ብሩሽ ነበር። በየሱቁ እየዞርኩ የሰበሰብኩት ነው፤ አንዱም አልሠራልኝም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የማታ ፈረቃ ሠርቼ ስገባ ባለቤቴ ለመውጣት ጫማውን ያስራል። ልጃችን ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፍና ወደ ሕፃናት ማቆያ ትሄዳለች። ፀጉሯን ለማበጠር፣ ጥርሷን ለመቦረሽ፣ ቁርሷን ለማጉረስና ካፖርቷን ለመቆለፍ የነበረን ጊዜ በድምሩ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። ፀጉሯ የአባቷ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ፣ እርጥብ ሲሆን ትከሻዋን የሚነካ፣ ሲደርቅ ተጠቅልሎ ጆሮዋ ላይ የሚቀር። መኪና ውስጥ ተኝታ በመጣች ቁጥር ማጅራቷ ላይ ያለው ይድበለበላል። ማበጠሪያውን ስታይ ማጅራቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ብሩሹን ስታይ ደግሞ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ጠቅልላ ጥርሷን ትነክሳለች። እኔም ደክሞኛል፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

አንድ ቀን ከማቆያው ልወስዳት ስሄድ ከማጅራቷ የተቆረጠ የፀጉር ድቡልቡል በትንሽ ፌስታል አድርገው ሰጡኝ። አልፈታ ስላለን በመቀስ አነሳነው አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም። እኔ ግን ያንን ፌስታል ይዤ መኪናዬ ውስጥ ብዙ አለቀስኩ።

በዚያው ወር የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የልጄን የላይኛውን ከንፈር ከፍ አድርጋ የፊት ጥርሶቿን አሳየችኝ። ድዱን ተከትሎ እንደ ኖራ የነጣ ቀጭን መስመር አለ። መበስበስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ሳይቦረቦር ከተደረሰበት ግን ሊመለስ ይችላል አለችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ “ማታ ጡጦ ይዛ ነው የምትተኛው?” አዎ። እኔ ሥራ ስገባ አባቷ እንድትተኛለት ወተት በጡጦ ይሰጣታል። እንቅልፍ ሲወስድ ምራቅ ይቀንሳል፣ ወተቱም በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ተጠራቅሞ ያድራል። የታችኞቹን ምላሷ ስለሚሸፍናቸው ደህና ነበሩ። ማንንም የምወቅስበት ነገር አልነበረኝም።

እረፍቴን አጠራቅሜ ይዣት የመጣሁት በዚህ ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ አስመለሳት። ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ስንደርስ ልብሷ ርሶ፣ ፀጉሯ በሁለት ቀን ጉዞ ተንጨባርሮ ነበር። እናቴ አቅፋ ሳመቻት። እጇን በጭንቅላቷ ዙሪያ ቀስ ብላ አዞረችና ማጅራቷ ላይ፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምንም አላለችኝም። “ነገ ፀሐይ ሲወጣ” አለች፣ ለልጄ ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

በማግሥቱ እናቴ ፀሐይዋ በአዝዋ ገደል በኩል ወጥታ የደሴ ብርድ እስኪሰበር ጠበቀች። አራት ሰዓት ገደማ በርጩማዋን በረንዳው ላይ አወጣች። ለብ ያለ ውኃ በጆግ፣ ከሰኞ ገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ በስኒ አስቀመጠች። ሚዶዋን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ልጄን አልጠራቻትም። ሰፌድ ላይ ምስር ዘረጋችና ጠጠር መልቀም ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ልጄ ራሷ መጣች። “ጠጠሩን ለይልኝ እስቲ፣ ዓይኔ አያይም” አለቻት። ልጄ በእናቴ ሁለት ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች፤ ሰፌዱ ጭኗ ላይ ሆነ። እጇም ዓይኗም ሥራ አገኘ።

እናቴ ፀጉሯን በአራት ከፈለችው። ሦስቱን ጠቅልላ በጨርቅ ቁራጭ አሰረች። አራተኛውን ውኃ እየዘገነች አራሰችው። ቅቤውን በመዳፏ አሽታ የቀባችው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ አልኩ፤ እኔ ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ስደራርብ ነበር የኖርኩት። ቅባት በራሱ ፀጉርን አያርስም፣ ውስጡ የገባውን ውኃ ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል እንጂ። በሉጫ ፀጉር ላይ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ይወርዳል። ከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን ጥምዝምዙን አልፎ ጫፍ አይደርስም። ስለዚህ ጫፉ ሁልጊዜ የተጠማ ነው፤ የሚቆላለፈውም የሚሰበረውም እዚያ ነው።

ግራ እጇ የፀጉሩን መሃል ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ቀኝ እጇ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ገብቶ ይፈታል። ሚዶውን ገና አላነሳችም። አንዱ ቋጠሮ እምቢ ሲላት አትጎትተውም፤ ለሁለት ትከፍለውና ከጎኑ ያሉትን ፀጉሮች አንድ በአንድ ትመዛለች። ያኔ መሃሉ በራሱ ይላላል። ጫፉ ሲጠራ ወደ ላይ ከፍ ትላለች፤ እንደገና ከፍ ትላለች። ሚዶው የገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ያለ ችግር ተንሸራተተ። እኔ ከሥሩ ጀምሬ ወደ ታች ሳበጥር የላይኛውን ቋጠሮ ሁሉ እየገፋሁ ከታችኛው ጋር አጠብቀው ነበር። ግራ እጄም ሥራ አልነበረውም፣ ትከሻዋን ጨብጬ እንዳታመልጥ ከመያዝ በቀር።

የማጅራቷ ብቻ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እናቴ የጦጣና የጅብ ተረት ትነግራታለች፣ ምስሩ እየተለቀመ ነው። አንድ ጊዜ ልጄ “ኡ!” አለች። እናቴ ሁለቱንም እጇን አነሳች። “ይቅርታ ሆዴ፣ አሳመምኩሽ?” ልጄ ዞር ብላ አየቻትና ተመልሳ ወደ ጠጠሯ ጎነበሰች። “ቀጥይ” ማለቷ ነበር። “ኡ” ስትል እኔ ቆሜ አላውቅም፤ “አለቀ፣ አለቀ” እያልኩ የበለጠ እፈጥን ነበር።

የሕፃን ፀጉር ድሮ እንዲህ አያስቸግርም ነበር ትላለች እናቴ፣ ዙሪያውን ተላጭቶ ቁንጮ ብቻ ይቀራልና። እኔም ቁንጮ ነበረኝ። ሕፃን ከሞተ መላእክት በቁንጮው ይዘው ወደ ሰማይ ያወጡታል ይባል እንደነበር ነገረችኝና የተቆረጠውን ቦታ ደግማ በጣቷ ዳሰሰች። “ይበቅላል” አለች።

ማታ ማታ ደግሞ ፀጉሯ ትራስ ላይ እንዳይታሽ ከአሜሪካ የሳቲን ቆብ ይዤላት ነበር። ጥጥ ጨርቅ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም እየፈተገ ያቆላልፋል፤ ሳቲን ግን ያንሸራትተዋል። ነገሩ እውነት ነው፣ ልጄ ግን አንድም ሌሊት አላደረገችውም። እናቴ የራሷን ለስላሳ ሻሽ አውጥታ እኩል ቀደደችው። በአንዱ የራሷን ፀጉር፣ በሌላው የልጄን አሰረች። ጠዋት ሁለቱም ሻሻቸው እንደታሰረ ነቁ።

አንድ ያልተሳካ ነገር ነበር። የአክስቴ ልጅ በፍቅር ተነሳስታ ቀጫጭን ሹሩባ ሠራቻት፤ ያምር ነበር። ማታ ላይ ግን ግንባሯ ዳር ትንንሽ እብጠት ወጣ፣ ቅንድቧም ወደ ላይ የተሳበ መሰለ። እናቴ በኩራዝ ብርሃን፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ አንድ በአንድ ፈታችው። ሥሩ ሁልጊዜ የተወጠረ ፀጉር ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል እየሳሳ ይሄዳል፤ ብዙ ከቆየ ተመልሶ ላይበቅልም ይችላል። በሕፃን ራስ ላይ ሹሩባ ከተሠራ ወፍራምና ላላ ያለ ይሁን።

በፀጉሩ እናቴ አስተማረችኝ። በጥርሱ ግን ተከራከርን።

እናቴ በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ቆማ በክትክታ መፋቂያ ጥርሷን ትፍቃለች። ጫፉን አኝካ እንደ ብሩሽ ታደርገዋለች፤ አትቸኩልም፣ እየፋቀች ከጎረቤት ታወራለች። ልጄ ከሁለት ቀን በኋላ አጠገቧ ቆማ እንጨት ስጡኝ ብላ አለቀሰች። ብሩሿን ሰጠኋት። እየተያዩ ፋቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሁለት ደቂቃ ሙዚቃ የሚጫወት ብሩሽ ገዝቼላት ነበር፤ ሌላ ሰው ሲፋቅ ግን አይታ አታውቅም ነበር። እኔ ጥርሴን የምቦርሸው እሷ ስትተኛ ነው።

ሕፃን ራሱ ሲቦርሽ ግን ከፊት በቀር የሚያጸዳው የለም። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ወላጅ ሊደግምለት ይገባል። እናም ከማታ እራት በኋላ እኔና እናቴ መደቡ ላይ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። ልጄን በመካከላችን አጋደምናት፤ እግሯ ወደ እናቴ፣ ራሷ የእኔ ጭን ላይ። እንዲህ ስትሆን አፏ ከላይ ወለል ብሎ ይታያል፣ እሷም የምታየው የሴት አያቷን ፊት ነው። የጥርስ ሳሙናው ከፍሎራይድ ጋር ነው፣ መጠኑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። ገና መትፋት ስለማትችል ብትውጠውም የማያሰጋ ልክ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ የአተር ፍሬ ይሆናል። እናቴ እጆቿን ይዛ ጥርሷን ትቆጥርላታለች። “አንድ... ሁለት... ሦስት...” አሥራ ስድስት ላይ ስትደርስ ሆዷን ትኮረኩራታለች። በሦስተኛው ማታ ልጄ “አሥራ ስድስት”ን ለመስማት አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተች።

ክርክሩ ስኳር ላይ ነበር። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ልጄ ከዚህም ከዚያም ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየተነከረ ይሰጣታል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከረሜላ ይዞ ነው። የሚጎዳው ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው፤ በየትንሹ ሲቀመስ አፏ ከአሲድ ፋታ አያገኝም። ለእናቴ ስነግራት “ለሚወልቅ ጥርስ!” አለችኝ። የፊቶቹ በስድስት በሰባት ዓመት ይወልቃሉ፣ ኋላ ያሉት የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት የሚያኝኩላት እነሱ ናቸው፤ ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይዘው ይጠብቃሉ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ጉንጭ በመዳፏ ያዘች። በልጅነቷ ሌሊት ሙሉ መንጋጋዋ ሲነዝራት እናቷ ቅርንፉድ እያስነከሰቻት ይነጋ እንደነበር ነገረችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

በነጋታው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናከብራቸው እትዬ፣ ከረሜላውን ከነጠላቸው ጫፍ ሲፈቱ እናቴ ቀድማ እጃቸውን ያዘች። “ምሳ ስትበላ አብራ ትበላዋለች፣ ያስቀምጡላት” አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ የልጄን ያበጠ ድድ አይተው፣ መንጋጋ ሊወጣ ያለበትን ቦታ፣ ቢነቀስላት ይሻላል አሉ። “ያ ዘመን አለፈ እትዬ” አለች እናቴ። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ማንኪያ ድዷ ላይ ያዘችላት። ጡጦውም እዚያው ደሴ ቀረ። ሦስት ሌሊት አለቀሰች፤ አያቷ በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ እያለች አሳደረቻት። እኔ ብቻዬን ብሆን በመጀመሪያው ሌሊት እሸነፍ ነበር።

ተመልሰን አራት ወር ሆነን። ፈረቃዬን መቀየር አልቻልኩም። የፀጉሯን ነገር ግን ከጠዋቱ ጥድፊያ አውጥቼዋለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ የእሱ ነው። ሰፌድ የለንም፣ ትሪ ላይ ምስር እዘረጋላታለሁ። በሥራ ቀን ሻሹን ፈትቼ፣ ውኃ ነክቼ፣ በጣቴ አስተካክዬ እሸኛታለሁ። ለጥርሷ አባቷ የእናቴን ቦታ ይዟል፤ እሱ ከሌለ ሶፋው ላይ ጭኔ ላይ አጋድማታለሁ። ሐኪሟ በቅርቡ ስታያት ነጩ መስመር አልሰፋም፣ በአንዱ ጥርስ ላይ ደግሞ ደብዝዟል አለች።

ባለፈው ሳምንት ስንቆጥር አሥራ ሰባት ላይ ደረስን። ከታች በግራ በኩል፣ ያ ድድ ያበጠበት ቦታ፣ የመንጋጋው ጫፍ ብቅ ብሏል። ለእናቴ ደወልኩላት። እልል አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ሻይ አትሰጧትም አይደል?” አለችኝ።