ከደብረ ብርሃን ሆኜ የምደግፈው ካንተርበሪ

የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ የምደግፈው የራግቢ ቡድን ግን ካንተርበሪ ነው፤ ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። ካንተርበሪ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት የሚገኝ፣ ክረምቱ ብርዳም፣ በግ የሚረባበት ክፍለ ሀገር ነው። መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዴት አይወደው!

ታሪኩ የሚጀምረው ከክለብ ነው። በካንተርበሪዋ ከተማ በክራይስትቸርች፣ የክራይስትቸርች ክለብ በ1863 ተቋቋመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የራግቢን ደንብ የተቀበለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። የክፍለ ሀገሩ የራግቢ ማኅበር በ1879 ሲመሠረት በአገሩ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። በ1892 አገር አቀፍ ማኅበር ሲቋቋም ደግሞ ካንተርበሪ እና ሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ኦታጎ እና ሳውዝላንድ አንገባም ብለው ቀሩ። ይህ እልህ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ የአገሬ ሰውም በራሱ ጉዳይ ሌላ ሲወስንለት አይወድም።

ከሁሉ የሚማርከኝ የኒውዚላንድ ክፍለ ሀገሮች በራግቢ የሚፎካከሩበት ሽልማት፣ የራንፈርሊ ጋሻ ነው። ጋሻውን የያዘ ክፍለ ሀገር ተፎካካሪውን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ሜዳው ይጠብቃል፤ ከተሸነፈ በዚያው ቀን ያስረክባል። ዙር የለም፣ የነጥብ ስሌት የለም። ካንተርበሪ ከ1982 እስከ 1985 ለ25 ጨዋታዎች አላስነካም ብሎ በመጨረሻ በገዛ ስታዲየሙ በላንካስተር ፓርክ በኦክላንድ ክፍለ ሀገር ቡድን 28 ለ 23 ተረታ። ኦክላንድን እስከ ዛሬ አልወድም።

ላንካስተር ፓርክ በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ በኋላ ፈርሷል። አሁን ቦታው ለአካባቢው ሰው መጫወቻ ሜዳ ሆኗል፤ ትልቅ ስታዲየም እንደገና ከሚቆምበት ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።